ቦሎቄውን ማን ቆረጠው?

«ወላይታ ነኝ። ቦሎቄዬ ገና ሁለት ቅጠል እንዳወጣ ሌሊት ሌሊት ይቆረጣል። ቀን ምንም አላይም። የተባይ መድኃኒት ሁለቴ ረጨሁ፤ ለውጥ የለም። ቅጠሉ ላይ የደረቀ ለሃጭ የመሰለ ነገር ያብረቀርቃል። ልጆቼ አጥር ሥር ባገኙት የጣት ርዝመት ያለው ቅርፊት ይጫወታሉ። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ የልጆቹን ነገር ማንሳትዎ ደግ ነው። የሚያብረቀርቀው የቀንድ አውጣ ዱካ ነው። ቅርፊቱ ያን ያህል ከሆነ ደግሞ የምጠረጥረው ግዙፉን የምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ አውጣ ነው። መነሻው የኬንያና የታንዛኒያ ጠረፍ ነው። ቅርፊቱ ሾጠጥ ያለ፣ ቡናማ ዝንጉርጉር ሲሆን እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በደረቁ ወራት የቅርፊቱን አፍ ዘግቶ ይተኛል፤ በልግ ሲጥል ይነሳል። ቀን ከእንሰቱ ሥርና ከቅጠል ክምር ውስጥ ይሸሸጋል።

መድኃኒቱን ይተዉት። የነፍሳት ነው፤ ቀንድ አውጣ ደግሞ ነፍሳት አይደለም።

ይልቅ አሮጌ ጆንያ ውኃ ነክረው በማሳውና በአጥሩ መካከል ያንጥፉ። ጆንያ ከሌለ የእንሰት ቅጠል ይሆናል። ከሥሩ የፓፓያ ልጣጭ ወይም የጎመን ቅጠል ጣል ያድርጉ። ሌሊት ሲበላ ያደረው ሊነጋ ሲል እዚያ ይገባል። ፀሐይ ሳይጠነክር ገልጠው ይልቀሙ። ዝናብ ባባራ ማታ ደግሞ ባትሪ ይዘው ማሳውን ይዙሩ። የለቀሙትን ብዙ ጨው የተበጠበጠበት ባልዲ ውስጥ ያሳድሩና ጠዋት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩ። ሁለት ሦስት ቀን ለቅመው እንዳያቆሙ፤ ቡቃያው እስኪጠነክር ይቀጥሉ። እጅዎን በፌስታል ይሸፍኑ፣ ልጆቹም አይንኩት። ሰውን የሚያሳምም ትል ሊሸከም ይችላል።

በየቦታው የማየው አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። ሰው ለቅሞ ከአጥር ማዶ ይወረውራል፤ ሌላው ጨው ማሳ ላይ ይበትናል። ጨው መሬቱን ይጎዳል፤ ባልዲው ውስጥ ይቅር። የተወረወረው ደግሞ ተመልሶ ይመጣል፣ ወይ የጎረቤትን ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ልጅ ከሃዋይ 3 ቀንድ አውጣ ይዞ የአሜሪካዋ ማያሚ ከተማ ገባ። አያቱ ጓሮ ለቀቀቻቸው። ከ7 ዓመት በኋላ ከ18,000 በላይ ሆነው ተገኙ። አንዱ በአንድ ጊዜ 200 ያህል እንቁላል ይጥላልና።

እንቁላሉ ከሽምብራ ያነሰ፣ ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። እንሰቱን ሲኮተኩቱ አፈሩ ውስጥ ተከማችቶ ካገኙት እዚያው ይጨፍልቁት።