ጋዝ ስትጨምር ለሚጠፋብህ ሄሊኮፕተር

ባለ ሪሞት ሄሊኮፕተርህ ጋዝ (የሞተሩን ኃይል) ስትጨምር ይጠፋል ብለህ ጠይቀኸኛል። መብራቱ እየበራ ቀጥ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ሞተሩ አይደለም። ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ የሶኬቱ ብየዳ ላልቷል።

መጀመሪያ ክንፎቹን ፍታ። ከዚያ ጋዝ ስጠው። አሁንም ከጠፋ ሽቦዎቹን በእንጨት ስንጥር ነካ ነካ አድርግ፤ የላላው ራሱ ይናገራል። ያለ ክንፍ በደንብ ከሠራ ግን ባትሪውን ጠርጥር። ከባትሪው በምትወጣው ትንሿ ነጭ ሶኬት በኩል እያንዳንዱን ሴል (ባትሪው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ክፍል) በቴስተር ለካ። ቻርጁ የሞላ ሴል 4.2 ቮልት ነው። አንዱ 4.1፣ ሌላው 3.5 ካለህ አለቀለት።

ሱሉልታ ነው የማበረው ብለሃል። እዚያ ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ይለፋል፣ ደካማ ባትሪ ቶሎ ይጋለጣል።

ያበጠ ባትሪ ግን ቻርጅ እንዳታደርግ። እኔ "ለዛሬ ብቻ" ብዬ ሰክቼ፣ ለገጣፎ ያለው ቤቴ ወለል ላይ የቃጠሎው ጥቁር ክብ እስካሁን አለ።