ፈረሰኛው፣ ኮርቻውና ጠመንጃው፦ ጥያቄና መልስ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የኢትዮጵያ ፈረሰኛ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው።

ጥያቄ፦ በድሮ ሥዕሎች ላይ ጎራዴው በቀኝ ጎን ነው። ተገልብጦ ታትሞ ይሆን?

መልስ፦ አልተገለበጠም። ግራ እጅ ጋሻ ስለያዘ ጎራዴው በቀኝ ይታጠቃል። ፈረስ ላይ የሚወጣውም በቀኝ በኩል ነው፤ በግራ ቢወጣ ቀኝ እግሩን ከነሰገባው በኮርቻው ላይ ማሻገር ሊኖርበት ነው።

ጥያቄ፦ ሾተል የሚባለው ጎራዴ ይህን ያህል የቆለመመው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በጋሻ ጠርዝ ዞሮ ከጀርባው ያለውን ሰው እንዲያገኝ ነው። ለመመከት ግን አይመችም። እንደ እኔ የፈረሰኛው ዋና መሣሪያ ጦር ነው፤ ሁለት ይዞ አንዱን ይወረውራል፣ ሌላውን ለቅርብ ውጊያ ያቆያል።

ጥያቄ፦ ያየሁት እርካብ ትንሽ ቀለበት ነው። የልጅ ነው?

መልስ፦ የአዋቂ ነው። ባዶ እግሩን የሚጋልብ ሰው የሚያስገባው አውራ ጣቱን ብቻ ነው። ፈረሱ ቢወድቅ እግሩ ተይዞ አይጎተትም። በእርካቡ ላይ ቆሞ ለመውጋት ግን አቅም አይሰጥም፤ ፈረሰኛውን የሚደግፈው ከፊትም ከኋላም ከፍ ያለው ኮርቻ ነው።

ጥያቄ፦ ረጅም ጉዞ ላይ ፈረስ ገጣባ እንዳይሆን ምን ይደረጋል?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት አለመጋለብ! በዘመቻ ጉዞ ባለፈረሱ በበቅሎ ይሄዳል፣ ፈረሱ ለውጊያው ቀን ባዶውን ይሳባል።

ሲጫን ደግሞ የኮርቻው ሁለት ጎን እንጨቶች አከርካሪውን መንካት የለባቸውም፤ በመካከላቸው አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይኖራል። ጀርባው ይጠረግ፤ የደረቀ ላብና ጭቃ እንደ አሸዋ ይፈገፍጋል። ድብዳቡን (ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን) ትንሽ ወደ ማጅራት አስቀድሞ አስቀምጦ ወደ ኋላ መሳብ ነው፣ ፀጉሩ እንዲተኛ። ወደ ፊት ከተገፋ ፀጉሩ ይቆማል፣ ቁስሉም ከዚያ ይጀምራል። የሆድ ጠፍሩ ሁለቴ ይጠበቅ፤ ፈረስ ሲጫን ሆዱን ስለሚነፋ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ይላላል።

ሲያርፉ ኮርቻውን ወዲያው አያውርዱ። ጠፍሩን አላልተው ጀርባው እስኪበርድ ይጠብቁ። ከወረደ በኋላ በላቡ መካከል ደረቅ ቦታ ከታየ እንጨቱ እዚያ ላይ እየተጫነ ነው። ብዙዎች ተጨማሪ ጨርቅ ይደርባሉ፤ ግፊቱን ያብሰዋል። የሚሻለው ድብዳቡን በዚያ ቦታ ልክ መቦርቦር ነው።

ጥያቄ፦ የስናድር ጠመንጃ ጥይት በውጅግራ ጠመንጃ ይተኮሳል?

መልስ፦ በፍጹም። የእንግሊዙ ስናድር አፈሙዝ ወደ 14.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ የፈረንሳዩ ውጅግራ (የ1874 እ.ኤ.አ. ሞዴል) 11 ሚሊ ሜትር። በጉንደትና በጉራዕ ጦርነቶች ከግብፆች የተማረከው ሬሚንግተን ጠመንጃ ሲጨመርበት፣ አንድ ጦር ውስጥ የጥይት ማደሉ ምን ያህል እንደሚያስቸግር መገመት ይቻላል።

ሁሉም የሚተኩሱት ጥቁር ባሩድ ነው። ጥላሸቱ እርጥበት ስለሚስብ አፈሙዙን ቶሎ ያዝገዋል። ዘይት ብቻ አያጸዳውም፤ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ከዚያ ነው የሚቀባው።

ጥያቄ፦ ፈረሰኛው ደጋ ላይ ያን ያህል ሲፈራ ቆላ ላይ ለምን ይደክም ነበር?

መልስ፦ «የአፍሪካ የፈረስ በሽታ» በሚባለው ሕመም ምክንያት። በሽታውን የምታስተላልፈው ጥቃቅን ነካሽ ዝንብ በሞቃትና እርጥብ ቦታ፣ በተለይ ከምሽት እስከ ንጋት ትበረታለች፤ የታመመ ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። በቅሎ ይበልጥ ትቋቋመዋለች፣ አህያ ደግሞ ከሁለቱም የበለጠ። ቆላ ማደር ግድ ከሆነ ፈረሱን ከረግረግና ከወንዝ ዳር አርቆ ነፋሻ ከፍታ ላይ ማሰር ይረዳል።