ከዋዜማው ጀምሪ፦ የአባታቸውን በዓላት ለልጆች ስለማስተማር

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለቤትሽ ከምዕራብ ሕንድ፣ የጉጃራት ሂንዱ ነው፣ ልጆቻችሁ እንግሊዝ አገር ተወልደው እያደጉ ነው፤ «የአባታቸውን ባህል በበዓላት በኩል ላስተምራቸው እፈልጋለሁ፤ ግን እኔ ራሴ በደንብ የማላውቀውን እንዴት አድርጌ?» ነው ያልሽው። እኔም ከጉጃራት ቤተሰብ ነው ያገባሁት፤ እዚሁ እንግሊዝ ሌስተር ከተማ ነው የምንኖረው፤ ልጆቼም ከፍ ከፍ ብለዋል። በኛ ቤት የሠራውን ልንገርሽ።

ልጆችን አዳራሽ ወስዶ ጭፈራ አሳይቶ መመለስ ብዙም አያስተምራቸውም። ዲዋሊ የሚሉት የመብራት በዓላቸው ሲደርስ እዚህ ቤልግሬቭ ሮድ የሚባለው ጎዳና በመብራት ያሸበርቃል፣ ሕዝቡ ይጎርፋል። ልጆች በጣም ይደሰታሉ፤ በማግስቱ ግን በዓሉ ስለ ምን እንደነበር ብትጠይቂያቸው «ርችት» ይሉሻል። የኔዎቹ ባህሉን የያዙት ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት ነው፤ ቤቱ ሲጸዳ፣ ጣፋጩ ሲጠበስ። እኛስ እንቁጣጣሽን ያወቅነው ችቦ ሲታሰር፣ ቄጠማ ሲጎዘጎዝ፣ እናቶቻችን ጉድ ጉድ ሲሉ አይደል?

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ በየዓመቱ የማይቀየር የራሱን ሥራ ስጪው። በኛ ቤት ራንጎሊው፣ ማለትም ደጃፍ ላይ በባለ ቀለም ዱቄት የሚሠራው ጌጥ፣ የትልቋ ነው፤ ማንም አይነካባትም። ትንሹ ደግሞ ዲያ የሚባሉትን ትንንሽ የሸክላ መብራቶች ያዘጋጃል፦ ጥጡን ይጠመዝዛል፣ ንጥር ቅቤ ያፈስበታል፣ በየመስኮቱ ይደረድራል። ሥራው የራሳቸው ሲሆን ጥያቄው ሳትጎተጉቻቸው ይመጣል። «ለምን ደጃፍ ላይ?» ስትለኝ ነው የሀብትና የበረከት አምላክ የሚሏት ላክሽሚ ንጹሕና ብርሃን ያለበት ቤት ትገባለች ብለው እንደሚያምኑ የነገርኳት። በጥንት ታሪካቸው የሚወሳው ንጉሥ ራማ ከ14 ዓመት ስደት በኋላ ወደ ከተማው ወደ አዮድያ ሲመለስ ሕዝቡ መብራት አብርቶ እንደተቀበለውም አባቷ ያኔ አጫወታት። ሳይጠይቁ አስቀድመሽ ብታወሪላቸው እንደ ክፍል ትምህርት ሰምተው ይረሱታል።

ኢንተርኔት ላይ የምታነቢውን ሁሉ ግን አትከተይ። ሕንድ ሰፊ ናት። በዚያችው የዲዋሊ ሌሊት ቤንጋሎች ካሊ የምትባለውን አምላክ ያከብራሉ፤ ታሚሎች ደግሞ በዓሉን የሚጀምሩት ማለዳ ዘይት ተቀብተው በመታጠብ ነው። ለጉጃራቶች ዲዋሊ የዓመታቸው መዝጊያ ስለሆነ ነጋዴዎቹ የሒሳብ መዝገባቸውን የሚያስባርኩት ያኔ ነው፤ ቀጥሎ አዲስ ዓመት ይገባል። «ሳል ሙባረክ» ይባባላሉ፣ ልጆች የትልልቆቹን እግር ነክተው ምርቃት ይቀበላሉ። ጉልበት ስሞ መመረቅን ከኛ ወገን የለመደ ልጅ ይህ አይከብደውም። አማትሽን በስልክ ጠይቂያቸው፦ «በናንተ ቤት እንዴት ነበር?» ይህ ጥያቄ ብቻውን ስንት ነገር እንደሚከፍት ታያለሽ።

የኔ አማት ያደጉት ካምፓላ ነው። የኡጋንዳው መሪ ኢዲ አሚን እ.ኤ.አ. በ1972 እንደነሱ ያሉትን እስያውያን በ90 ቀን ውስጥ ውጡ ሲላቸው፣ የሌስተር ከተማ ምክር ቤት እዚያው ኡጋንዳ ጋዜጣ ላይ «ወደኛ አትምጡ» የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። እነሱ ግን መጡ። ያቺው ከተማ ዛሬ ዲዋሊን አደባባይ ላይ ታከብራለች። አማቴ ይህን የሚያወሩት ጣፋጭ እየጠበሱ ነው፤ ልጆቼም አፍሪካ የእናታቸው ወገን ብቻ እንዳልሆነች ያወቁት በዚያው ምድጃ ዳር ነው።

አሁን ደግሞ ለኛ ልዩ ዕድል ስለሆነው ስለ ጾሙ። ከአማልክቶቻቸው አንዱ የሆነው ክሪሽና የተወለደበት በዓል፣ ጃንማሽታሚ፣ አንዳንድ ዓመት ከፍልሰታ ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2025 ኦገስት 16 ላይ ነበር። አማቴ በዚያ ቀን እህል አይቀምሱም፤ ወተት፣ ፍራፍሬና ድንች ግን ይበላሉ። እኔ ሽሮዬን በእንጀራ እበላለሁ፤ ወተት ግን አልነካም። አንድ ማዕድ ላይ ሁለት ጾም! ልጆቼ ሁለታችንንም እያፈራረቁ በጥያቄ አጣደፉን፤ ለአምላክ ተብሎ ከምግብ መከልከል ምን እንደሆነ በመጽሐፍ ከማስተምራቸው በላይ ያን ዕለት ገባቸው። አማቴ የሚፈስኩት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ፋሲካን ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚገድፉ ልጆች ነቅተው ከአያታቸው ጋር ለመጠበቅ አልተቸገሩም።

ሆሊም እንደዚሁ ነው። ሁሉም የሚያውቀው ቀለም መረጫጨቱን ነው፤ በዋዜማው ምሽት ግን ትልቅ እሳት ይነደዳል፣ ሰው ይዞረዋል፣ ጉጃራቶች የማሽላ ፈንዲሻ፣ የሽምብራ ቆሎ፣ ቴምርና ኮኮናት ያቀርቡለታል። ደመራ አይቶ የሚያውቅ ልጅ ምን እንደሚል መገመት አያቅትሽም። ታሪኮቹ የተለያዩ መሆናቸውን ንገሪያቸው፤ የኛው የመስቀሉ መገኘት ነው፣ የነሱ ደግሞ ፕራህላድ የተባለው በአምላኩ የጸና ልጅ ከእሳት መትረፉ። «ያው አንድ ነው» ብለሽ አትቀላቅይባቸው። ሆሊ አብዛኛውን ጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ስለሚውል የወተት ጣፋጩን እኔ አልፈዋለሁ፤ ፈንዲሻውን ግን ከቡናዬ ጋር እበላለሁ።

ቀኖቹ ለምን ይዘዋወራሉ ሲሉሽም አትደናገጪ። ወራቸውን በጨረቃ ይቆጥራሉ፣ ከፀሐይ ጋር እንዲስማማ በግምት በየሦስት ዓመቱ አንድ ወር ይጨምራሉ። ጳጉሜን የሚያውቅ ልጅ ቶሎ ይገባዋል።

ስለ ሃይማኖቱ እንደምትጨነቂ ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ልጅ ሳንወልድ በፊት የተስማማነው፣ ልጆች ፊት አንዳችን የሌላውን እምነት ላናቃልል፣ የማናምንበትንም እንደምናምን ላናስመስል ነው። እነ ባለቤቴ መብራቱን በትሪ ይዘው በአምላካቸው ምስል ፊት ሲያዞሩና ሲዘምሩ እኔ በዝምታ ከኋላ እቆማለሁ፤ ሲያልቅ ቡና አፈላለሁ። ልጆቼ ለምን እንደሆነ ያውቃሉ። ግራ ሲጋቡ ያየኋቸው ልጆች ወላጆቻቸው ነገሩን የሚሸፋፍኑባቸው ናቸው። የናንተ ስምምነት ከኛ ሊለይ ይችላል፤ ብቻ በዓሉ ከመድረሱ በፊት ተነጋገሩበት፤ አማትሽም ይስሙት።

ሁሉንም በዓል ለማክበር አትሞክሪ። ሁለት ወይም ሦስት መርጠሽ በየዓመቱ አድርጊያቸው። ለንደን አካባቢ ከሆንሽ እ.ኤ.አ. በ1995 የተከፈተው፣ ኒዝደን ሰፈር ያለው የስዋሚናራያን የሂንዱ ቤተ መቅደስ እንግዳ ይቀበላል፤ በአዲስ ዓመታቸው በመቶ የሚቆጠር ሥጋ የሌለበት ምግብ ሲደረደር ልጆችሽ ይዩት። ጫማ እዚያም በር ላይ ነው የሚወልቀው። ለትምህርት ቤቱም በጊዜ ጻፊ፤ እንግሊዝ ውስጥ የወላጅ ሃይማኖት ለበዓል የለየው ቀን ከሆነ ልጅ በፈቃድ ሊቀር ይችላል።

ከየት ልጀምር ካልሽ በራክሻ ባንዳን ጀምሪ። ነሐሴ አካባቢ ነው፣ ትምህርት ዝግ ነው፣ ወጪም የለውም። እህት በወንድሟ እጅ ላይ ራኪ የሚባለውን ክር ታስራለች፣ ጣፋጭ ታጎርሰዋለች፤ እሱ ስጦታ ይሰጣታል፣ ሊጠብቃትም ቃል ይገባል። ክሩን ከሱቅ አትግዢ፤ ልጅሽ ራሷ ትሥራው። ሕንድ ያሉ የአጎትና የአክስት ልጆችም ስላሏት ለነሱም ሠርታ በፖስታ ትላክ፤ መንገድ ላይ ስለሚቆይ ወር ቀድማችሁ ላኩት።