ካርዱን ከዲስኩ አትለየው

አንድ ወጣት አንባቢ ከመሥሪያ ቤቱ መጋዘን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980ዎቹ የተሠሩ ኮምፒውተሮችና አንድ ካርቶን ሙሉ ካርድ አግኝቷል። የሃርድ ዲስክ ካርዱ (ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ የሚቆጣጠረው ሰሌዳ) የትኛው ነው? ለቁራሌ ሳይሸጥ ምኑ ይትረፍ? ሲል ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ እስካሁን ከዲስክ ጋር ተያይዞ ያለ ካርድ ካለ ሳትነቅለው ፎቶ አንሳው። የትኛው ካርድ ከየትኛው ዲስክ እንደወጣ ጽፈህ ለጥፍበት።

የተነቀሉትን ለመለየት የኬብል መሰኪያውን ፒን ቁጠር። 40 ከሆነ አይዲኢ ነው። 50 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ስካዚ ነው፤ ሁለቱም የዲስክ ማገናኛ ዓይነቶች ናቸው። 34 ብቻ ከሆነ የፍሎፒ ነው። አንድ ባለ 34 ፒን መሰኪያ ከባለ 20 ፒን መሰኪያዎች ጋር ካገኘህ ግን ያ ካርድ እንዳያመልጥህ! ኤምኤፍኤም ወይም አርኤልኤል (ሁለት ዳታ የመጻፊያ ስልቶች) ሊሆን ይችላል፤ ዘሩ በ1980 ከወጣው ባለ 5 ሜጋባይት የሲጌት ኤስቲ-506 ይመዘዛል። ኢኤስዲአይ የሚባለው ሌላ የዲስክ ማገናኛም መሰኪያው ያው ነው፣ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ የዲስኩን ሞዴል ሳታይ አትሰካ።

ኬብሉም ያሳስታል። የፍሎፒውም የሃርድ ዲስኩም 34 ሽቦ ነው፣ ሁለቱም መሃል ላይ የተጠማዘዘ ቦታ ሊኖራቸው ይችላል። ከቀለም ከተቀባው ጠርዝ ጀምረህ ቁጠር። ከ10 እስከ 16 ያሉት ከተጠማዘዙ የፍሎፒ ነው፤ ከ25 እስከ 29 ከሆነ የሃርድ ዲስክ ነው።

ካርድና ዲስክ አብረው ይቆዩ የምለው በምክንያት ነው። በኤምኤፍኤምና በአርኤልኤል ዲስኮች ላይ ዳታው እንዴት እንደሚጻፍ የሚወስነው ካርዱ ነው። ኤምኤፍኤም በአንድ ትራክ (በዲስኩ ላይ ባለ አንድ ክብ መስመር) ብዙ ጊዜ 17 ሴክተር (የዳታ ክፍልፋይ) ይጽፋል፣ አርኤልኤል ብዙ ጊዜ 26። የሌላ ፋብሪካ ካርድ ስትሰካ ዲስኩ ደህና ይዞራል፣ ግን ላይነበብ ይችላል። ሰው ሞቷል ብሎ ይጥለዋል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ሎው ሌቨል ፎርማት ያደርገዋል፤ ማለትም ትራኩንና ሴክተሩን እንደ አዲስ ይጽፈዋል። ያኔ ዳታው አለቀለት። እባክህ፣ ሳትገለብጥ ፎርማት አትንካ።

ባለ 8 ቢት ካርዶች አብዛኞቹ የራሳቸው ባዮስ ቺፕ (ዲስኩን የሚያስነሳው ፕሮግራም ያለበት) አላቸው። ቺፑ ላይ ወረቀት ከተለጠፈ አትላጠው። ሥሩ መስኮት ሊኖር ይችላል፣ አልትራቫዮሌት ብርሃን ፕሮግራሙን ያጠፋዋል። ባለ 16 ቢቶቹ ደግሞ በአመዛኙ የማዘርቦርዱን ሴትአፕ (የዲስኩ ቅንብር የሚመዘገብበትን) ይጠብቃሉ። ባትሪው ሞቶ ቅንብሩ ከጠፋ በዲስኩ ሞዴል ታገኘዋለህ፤ ለምሳሌ ኤስቲ-225 ሲሊንደሩ 615፣ ሄዱ 4 ነው። ማዘርቦርዱ ላይ የፈሰሰ ባትሪ ካለ ዛሬውኑ አውጣው።

መብራት ከመስጠትህ በፊት አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አራግፍ፣ ካርዱ የሚሰካበትን ወርቅማ ጥርስ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረግ። የጠብታ ቅርጽ ያላቸውን ታንታለም ካፓሲተሮች በመልቲሜትር ለካ። ሾርት ያደረገ ካለ ቀይረው፤ እንዲሁ ካበራኸው ሊፈነዳ ይችላል።