ቦምቡን ከሰዎቹ በላይ አወቅነው

ልጆች፣ ባለፈው ከእናንተ አንዱ ስክሪፕት ይዞልኝ መጣ። የጦርነት ፊልም ነው። ገና ገጽ 3 ላይ ታንክ ይፈነዳል። «ውስጡ ማን አለ?» አልኩት። «ወታደሮች» አለኝ። በቃ፣ ወታደሮች።

ሠላሳ ዓመት ፊልም ስቆርጥና ስቀጥል የኖርኩ ኤዲተር ነኝና ቅር ሳይላችሁ ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን የማይክል ቤይን «ፐርል ሃርበር» አይታችሁታል? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ሃዋይ ያለውን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር ስትደበድብ የሚያሳየውን? እኛ ያኔ ሲዲ ተከራይተን ስቱዲዮ ውስጥ ነው ያየነው። ሦስት ሰዓት! የግቢው ጥበቃ፣ የድሮ ወታደር ናቸው፣ አብረውን ተቀምጠዋል። የጃፓን አውሮፕላኖች እስኪመጡ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሁለት አብራሪ ጓደኛሞችና አንዲት ነርስ ሲዋደዱ፣ ሲኮራረፉ፣ ሞተ የተባለው ተመልሶ ሲመጣ አየን። ከዚያ ድብደባው ጀመረ። ሽማግሌው ሳቁ። «ይሄ ሁሉ መትረየስ ከላይ ሲዘንብ ልጁ ቀና ብሎ ይሮጣል? ከመቼ ወዲህ?» አሉና ሁለተኛው ሲዲ ሳያልቅ ሻይ ሊጠጡ ወጡ።

አንድ ሾት አለች። ካሜራው ከአውሮፕላኑ የተለቀቀውን ቦምብ ተከትሎ እስከ አሪዞና የጦር መርከብ ድረስ ይወርዳል። በቴክኒክ ደረጃ አፍ ያስከፍታል፣ አልዋሽም። ግን አሪዞና ላይ በእውን የሞተው 1,177 ሰው ነው፤ ፊልሙ ከእነሱ መሀል ቀድሞ ያላመደን አንድ ሰው እንኳ ትዝ አይለኝም። ቦምቡን ከሰዎቹ በላይ አወቅነው። ዋናው ጀግና ደግሞ እንግሊዝ ሰማይ ላይም እሱ፣ ሃዋይም እሱ፣ ቶኪዮን ሊደበድብ የሚሄደውም እሱ። መርካቶ ብንወርድም የምናገኘው ነው የሚመስለው።

ያናደደኝ ግን ይሄ አይደለም። ዶሪ ሚለር የሚባል ሰው በእጃቸው ነበር፣ በእውን የኖረ። የዌስት ቨርጂኒያ መርከብ የምግብ ቤት አስተናጋጅ። ጥቁር ስለሆነ የመሣሪያ ሥልጠና አልሰጡትም። ያን ዕለት ጠዋት የሚታጠብ ልብስ እየሰበሰበ ነበር። ደወሉ ሲጮህ ሮጦ ወጣ፣ የቆሰለውን አዛዡን ከሌሎች ጋር ሆኖ ተሸከመ፣ ከዚያ ሥልጠና ያልወሰደበትን ፀረ አውሮፕላን መትረየስ ይዞ ተኮሰ። እ.ኤ.አ. በ1942 የባሕር ኃይል መስቀል የሚባለውን ሜዳይ ሲሸለም ከጥቁሮች የመጀመሪያው ነው። በቀጣዩ ዓመት ሌላ መርከብ ላይ እያለ ሞተ። እስቲ አስቡት፣ ሌላ ሰው የለበሰውን ቆሻሻ ሸሚዝ ተሸክሞ የቆመ ሰው! ፊልሙ ለእሱ የሰጠው ጥግ ነው። ተዋናዩ ኩባ ጉዲንግ ጁኒየር ገና ልናውቀው ስንል ተመልሰን ወደ አብራሪዎቹና ነርሷ ፍቅር ገባን።

እና እናንተ፣ ለፈንጂ ብር ከመፈለጋችሁ በፊት ሰውየው ደወሉ ሲጮህ እጁ ላይ ምን እንደነበር ጻፉልኝ። ይሄ ሳንቲም አያስወጣም። ወታደር የነበረ አጎት ወይም ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ቡና ጋብዙት። ስለ ጀግንነት አትጠይቁት፣ ያፍራል። ምን ይበላ እንደነበር ጠይቁት፣ እግሩን ምን እንዳቆሰለው ጠይቁት፣ ተኩስ ሲጀመር የት እንደተኛ ጠይቁት።

ያ ልጅ ሐሙስ ተመልሶ መጣ። የታንኩ ሹፌር አሁን አዲስ ጫማ አለው፣ ስለጠበበው በየደቂቃው ያወልቀዋል፣ ተኳሹ ይሰድበዋል። ታንኩ የሚፈነዳው ገጽ 40 ላይ ሆኗል። ሳነብ ባይፈነዳ ብዬ ተመኘሁ።