ፕሮፖዛላችሁን ከመዝገብ ጀምሩ

ይድረስ ለመጨረሻ ዓመት የሶፍትዌርና የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች፣

የፕሮጀክት ርዕስ የምታስገቡበት ወቅት ሲደርስ ከቂሊንጦ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ ፕሮፖዛላችሁን በስልካችሁ ይዛችሁ ትመጡና «ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይዩልን» ትሉኛላችሁ። ደስ ብሎኝ አነባለሁ። ዕድሜዬን በዚህ ሙያ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ወጣት ለሰፈሬ የሚጠቅም ነገር ልሥራ ብሎ ሲነሳ ከማየት የበለጠ የሚያስደስተኝ ነገር የለም።

ከማነባቸው ፕሮፖዛሎች በአብዛኞቹ ላይ ግን ሰው ይጎድላል። «ዌብ ቤዝድ የማኅበረሰብ አገልግሎት ማኔጅመንት ሲስተም» ይላል ርዕሱ። ዓላማው፣ ወሰኑ፣ የጊዜ ሰሌዳው፣ ዲያግራሙ ሁሉ በየቦታው ተቀምጧል። «ማኅበረሰቡ» የሚለው ቃልም በየገጹ አለ። ዲፌንስ፣ ማለትም ሥራችሁን በመርማሪዎች ፊት የምታቀርቡበት ቀን፣ ባለፈ ማግሥት ይህን ሲስተም የሚከፍተው ማን ነው ብዬ ስጠይቅ ግን ዝም ትላላችሁ። ሥራው ምንድን ነው? ዕድሜው ስንት ነው? ምን ዓይነት ስልክ ይዟል? ያንኑ ሥራ ዛሬ በምን እየሠራው ነው? እነዚህን ሳትመልሱ የገባ ፕሮፖዛል ውጤት ያስገኝ ይሆናል፤ ሰፈሩ ግን አያገኘውም።

እኔ የምመክራችሁ መዝገብ ፈልጉ ነው። አንድ ሰው በእጁ የሚጽፈው፣ በየወሩ የሚደምረው፣ ሲጠፋበት የሚጨነቅበት መዝገብ ካለ እዚያ እውነተኛ ሥራ አለ፤ የሥራው ባለቤትም አለ። በእኛ አካባቢ እንዲህ ዓይነት መዝገብ ሞልቷል፦ የእድር፣ የብሎክ ኮሚቴ የጥበቃና የመብራት መዋጮ፣ የቆሻሻ ሰብሳቢ ወጣቶች ማኅበር፣ የእናቶች የቁጠባ ቡድን፣ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል።

መዝገብ የሌለበትን ችግር ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ውሃን ውሰዱ። በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ «ውሃ መቼ እንደሚለቀቅ የሚያሳውቅ አፕ» የሚል ፕሮፖዛል ደጋግሞ ይመጣል። ችግሩ እውነት ነው፤ ጀሪካን ደርድሮ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው በየፎቁ አለ። ነገር ግን ውሃውን የሚለቀውም የሚዘጋውም መሥሪያ ቤቱ ነው፤ መረጃውም ያለው በእሱ እጅ ነው። እሱ መረጃውን ለመስጠት ካልተስማማ አፑ ከየት አምጥቶ ይናገራል? ጎረቤት ለጎረቤት ይጠቁም ብትሉ እንኳ በቴሌግራም ግሩፕ ዛሬም እየተጠቋቆመ ነው። መረጃው አብሯችሁ በሚሠራው ሰው እጅ ያለበትን ችግር ምረጡ።

ስለዚህ እኔ ወደ እድር አደላለሁ። ኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው ከመርካቶም፣ ከጉለሌም፣ ከቂርቆስም ተነስቶ በአንድ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ የማይተዋወቅ ጎረቤት ሆነ። እነዚህ ሰዎች ገና ቤታቸውን ሳያስጨርሱ ያቋቋሙት እድር ነው፤ ሞት ቀን አይሰጥምና።

በቅርቡ አንድ የእድር ጸሐፊ አጠገብ ተቀምጬ መዝገባቸውን አየሁ። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር ነው፤ በማስመሪያ ከመስከረም እስከ ነሐሴ 12 ዓምድ ተሰምሮለታል። የከፈለ ሰው በወሩ ዓምድ የደረሰኝ ቁጥሩ ይጻፍለታል፤ ያልከፈለ ባዶ ይተውለታል፤ ቅጣት በቀይ እስክሪብቶ ነው። ደብተሩን ከኋላ ሲገልጡት ደግሞ ለእያንዳንዱ አባል የቤተሰብ ገጽ አለው፦ ባለቤት፣ ልጆች፣ አባት፣ እናት፣ የባለቤት አባት፣ የባለቤት እናት። ልጅ ሲወለድ በጠርዙ ላይ በጠባቡ ተጽፎ ተጨምሯል። ወላጅ ሲሞት ስሙ ተሰርዞ ቀኑና የተከፈለው ገንዘብ ከጎኑ ሰፍሯል። እድሩ ለአባሉ፣ ለትዳር ጓደኛው፣ ለልጁና ለወላጁ የሚከፍለው መጠን የተለያየ ነው፤ ይህን የሚወስነው መተዳደሪያ ደንቡ ነው።

ሌሊት ስልክ ሲደወልላቸው ማወቅ የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው። አባሉ ውዝፍ አለበት ወይ? የሞተው ሰው በመዝገቡ ላይ አለ ወይ? በደንቡ መሠረት ስንት ይገባዋል? ይህን በመብራት፣ መብራት በሌለበትም በባትሪ፣ ገጽ እያገላበጡ ይፈልጋሉ። በዚያ ሰዓት ሐዘንተኛው ቤት ድንኳንና ወንበር መድረስ አለበት። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በሁለት ደቂቃ የሚመልስላቸው ስልክ ቢኖር ለእኔ ሙሉ ፕሮጀክት ነው። አባላት የሚገቡበት ድረ ገጽ፣ የፎቶ ማኅደር፣ ቻት አያስፈልገውም።

«ይህማ ትንሽ ነው፤ አድቫይዘራችን አይቀበለንም» ትላላችሁ። ወደ ውስጥ ስትገቡ ትንሽነቱ ያልቃል። አንዳንዱን ላሳያችሁ።

ስም። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው ያለው። ባልና ሚስትን በጋራ የመጨረሻ ስም የሚያገናኝ ዝግጁ ፎርም እዚህ አይሠራም። አጻጻፉም ሌላ ጣጣ ነው። ያንኑ ሰው አንዱ ጸሐፊ ኃይሉ፣ ሌላው ሃይሉ፣ ሦስተኛው ሐይሉ ብሎ ይመዘግበዋል። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይም እንደዚያው። ለሰው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል ለየብቻው ነው። ስሙን እንደተጻፈ አስቀምጡ፤ ለፍለጋ ግን ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ከነዘራቸው ወደ አንድ የሚያመጣ ሌላ ዓምድ አዘጋጁ። ሃን ከሀ፣ ኣን ከአ ጋር ማጣመርም አትርሱ። ይህን በፕሮፖዛላችሁ ላይ ብትጽፉ መርማሪው ቀና ብሎ ያያችኋል።

ቀን። መዋጮው 12 ጊዜ ነው፤ ወራችን 13 ነው። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ በዘመነ ሉቃስ፣ በ2015 ዓ.ም. እንደሆነው፣ 6 ትሆናለች። ስለዚህም አዲስ ዓመት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን የሚውልበትም 12 ቀን የሚውልበትም ጊዜ አለ። ውዝፍን በፈረንጅ ወር የሚቆጥር ሲስተም ሰውን ያለ ጥፋቱ ይቀጣል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ቀብሩ በ9 ሰዓት ነው» የሚለውን መልእክት ስልኩ እንደ ጠዋት ቢቆጥረው ለቀስተኛው ስድስት ሰዓት ቀድሞ ይወጣል።

መልእክት። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አጭር የጽሑፍ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲሆን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ተከፋፍሎ ይላካል፤ ሂሳቡም በዚያው ይጨምራል። የሟች ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የቀብር ሰዓትና ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በ70 ፊደል እንዲገባ አድርጋችሁ መልእክቱን መቅረጽ ራሱ ሥራ ነው።

ደንቡም አለ። የብዙ እድሮች መተዳደሪያ ደንብ በጽሕፈት ቤት የተተየበው በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መለያ ቁጥር ሥርዓት) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የእኛን ምስል ያስቀምጡ ነበር። ፋይሉን ዛሬ በስልክ ስትከፍቱት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይዘረገፍባችኋል። የታተመውን ወረቀት ለምኑና በእጃችሁ እንደገና ተይቡት፤ እግረ መንገዳችሁን አንቀጽ በአንቀጽ ትማሩታላችሁ። የሲስተማችሁ ሕግ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ክፍያን በተመለከተ ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ብዙ አባል መዋጮውን በእሱ ይልካል። ሁላችሁም ከቴሌብር ጋር በቀጥታ እናገናኘዋለን ብላችሁ ትጀምራላችሁ። ቆዩ። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ዘንድ የሚደርሰው መልእክት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በልጅ ወይም በጎረቤት ስልክ ነው፤ የላኪው ስም ከአባሉ ስም ጋር አይገጥምም። የግብይት ቁጥሩን ከአባሉ ጋር የምታያይዝበት ቀላል ገጽ ብትሠሩላት ከየትኛውም ግንኙነት የበለጠ ትጠቀማለች።

ሰርቨር አትከራዩ። የውጭ ሰርቨር ክፍያው በዶላር ነው፤ እድሩ በየወሩ ዶላር አይከፍልም፤ እናንተም ተመርቃችሁ ትሄዳላችሁ። መረጃው እዚያው በጸሐፊው ስልክ ላይ ይቀመጥ፤ ኔትወርክ ሳይኖርም ይሥራ። መጠባበቂያ ቅጂው በይለፍ ቃል ተቆልፎ ገንዘብ ያዟ ስልክ ላይ ይኑር። የሁለቱ ስልክ መረጃ ሳይገጥም ሲቀር የትኛው ይጸናል የሚለውን መፍታት ለመርማሪ ፊት የሚበቃ ከባድ ጥያቄ ነው። በየወሩ መጨረሻም ዝርዝሩ ይታተም። ስልክ ይሰረቃል፣ ይወድቃል፤ ወረቀቱ ግን ፋይል ውስጥ ይቀመጣል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። በእኛ አካባቢ ከኮንዶሚኒየሙ በፊት የነበሩ የገበሬ ቤተሰቦች አሉ፤ ብዙዎቹ የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ነው። ከእነሱ ጋር በአንድ እድር የተደራጀ ብሎክ ካለ መልእክቱ በቁቤም እንዲሄድ ከመጀመሪያው አቅዱ። ኋላ ላይ እንጨምራለን የተባለ ቋንቋ ሲጨመር አላየሁም።

ደግሞም የሰው መረጃ ነው። ማን ከማን እንደተጋባ፣ ማን እንዳልከፈለ፣ የማን እናት መቼ እንደሞተች የያዘ መዝገብ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አንብቡት። ከሕጉም በፊት ይሉኝታ አለ። ገጹን ፎቶ ስታነሱ ስሞቹን በወረቀት ሸፍኑ። ለሙከራ የፈጠራ ስም ተጠቀሙ። እውነተኛው መዝገብ ወደ ስልክ የሚገባው ጠቅላላ ጉባኤው ሲፈቅድ ነው፤ የሊቀመንበሩ ብቻ «እሺ» አይበቃም።

ፕሮፖዛሉን ከመጻፋችሁ በፊት እሑድ ጠዋት መዋጮ ሲሰበሰብ ሂዱና ዳር ላይ ቁጭ በሉ። «ምን ዓይነት ሲስተም ይፈልጋሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ እናንተን ላለማስቀየም ሲሉ የማይፈልጉትን ይነግሯችኋል። «ባለፈው ወር ሂሳቡ አልገጥም ያለው ምኑ ላይ ነበር?» በሉ። ያኔ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ገልጠው ያሳዩአችኋል። የሰማችሁትን በአንድ ገጽ በአማርኛ ጻፉና መልሳችሁ አንብቡላቸው። «አዎ፣ ይኸው ነው» ያሉት ገጽ የፕሮፖዛላችሁ የችግር መግለጫ ይሆናል፤ ለዩኒቨርሲቲው ወደ እንግሊዝኛ የምትመልሱት እሱን ነው።

የጊዜ ሰሌዳችሁ ላይ ደግሞ ከዲፌንሱ በፊት ሁለት ወር መዝገቡና ስልኩ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ጊዜ አስገቡ። ይህን የሚያስገባ ተማሪ እምብዛም አላጋጠመኝም፤ እኔ ግን ከኮዱ እኩል አየዋለሁ። በየወሩ መጨረሻ ሁለቱ ድምሮች ይመሳከሩ። ካልገጠሙ የደብተሩ ድምር ይጸናል፤ እናንተ ምክንያቱን ፈልጉ። ከገጠሙ ለኮሚቴው አቅርቡና ራሳቸው ይወስኑ። ደብተሩን አንተውም ካሉ አይክፋችሁ፤ ስልኩ ሌሊት የቤተሰብ ገጽ ለመፈለግ ብቻ ቢያገለግላቸውም ይበቃል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው፣ ምናልባት የአንዱ አባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጅ፣ ቅጂ እንዴት እንደሚወሰድና አዲስ ስልክ ላይ እንዴት እንደሚጫን በእጁ ሠርቶ እስኪያሳያችሁ ድረስ አሠልጥኑት። የእሱን ድርሻም በፕሮፖዛሉ ላይ ከእናንተ ድርሻ ጎን ጻፉት።