የሚያነቃው ፒን ራሱ ሲተኛ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሮኒክስ

ጥያቄ፦ ለጭነት መኪና መከታተያ የሚሆን ቦርድ እየሠራሁ ነው። መኪናው ቁልፉ ጠፍቶ ሲያድር ፕሮሰሰሩም የካን (የመኪናው ክፍሎች መረጃ የሚለዋወጡበት መስመር) መቆጣጠሪያ ቺፑ ቲካን 4550ም እንዲተኙ፣ ጠዋት የካን መስመሩ ሲንቀሳቀስ ደግሞ የዌክ ሪኩዌስት ፒኑ (የመቀስቀሻ ጥሪ የሚያስተላልፈው የቺፑ እግር) ፕሮሰሰሩን እንዲቀሰቅስልኝ አስቤ ነበር። ፒኑን ብለካው 3.6 ቮልት አሳየኝ፤ ፕሮሰሰሬ ግን የሚሠራው በ3.3 ነው። ሰግቼ ቅንብሩን ወደ ቪአይኦ (ቺፑ ከፕሮሰሰሩ ጋር ወደሚነጋገርበት ቮልቴጅ) ቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ መልቲሜትሩ ዜሮ ብቻ ያሳየኛል። ቺፑ ተቃጥሎ ይሆን?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ቺፑ ደህና ነው፤ የጎደለው አንድ ሬዚስተር ነው።

ይህ ፒን የሚናገረው ወደ ታች ሲወርድ ነው። ሥራ ሲፈታ ከፍ ብሎ ይቆያል፣ የሚቀሰቅስ ነገር ሲመጣ ይወርዳል። ጥያቄው ያንን «ከፍታ» ማን ይሰጠዋል የሚለው ነው። ቺፑ ከፋብሪካ እንደወጣ ከፍታውን የሚያገኘው ከውስጡ ካለው የ3.6 ቮልት ምንጭ ነው፤ ራሱ ወደ ላይ ይገፋል፣ ራሱ ወደ ታች ይጎትታል። በአድራሻ 0800 ያለውን ሬጂስተር (የቺፑን ቅንብር የሚይዝ ማኅደር) 19ኛ ቢት (ቆጠራው ከ0 ነው) 1 ሲያደርጉት ግን ፒኑ ኦፕን ድሬን ይሆናል። ወደ ታች መጎተት እንጂ ወደ ላይ መግፋት አይችልም። ከውጭ የሚያነሳው ከሌለ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ የተንጠለጠለን ፒን ደግሞ የመልቲሜትሩ ጫፍ ራሱ ወደ ዜሮ ያወርደዋል። እርስዎ ያዩት ይህንን ነው። ከፒኑ ወደ ቪአይኦ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይበይዱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ቪአይኦን የሚመግበው ሬጉሌተር (ቮልቴጅ አስተካካይ) የሚበራው በዚያው ቺፕ ኢንሂቢት ፒን ከሆነ፣ ቺፑ ሲተኛ ሬጉሌተሩ ይጠፋል፤ ሬዚስተሩም የሚያነሳበት ቮልቴጅ ያጣል። ፒኑ ሌሊቱን ሙሉ ዜሮ ላይ ስለሚያድር ጠዋት የሚወርድበት ከፍታ የለውም፤ ፕሮሰሰሩም ምንም አይሰማም። ስለዚህ 19ኛውን ቢት የሚያበሩት ቪአይኦ ሌሊትም የማይጠፋ ከሆነ ብቻ ነው። የሚጠፋ ከሆነ በውስጣዊው 3.6 ይቆዩ፤ ፒኑ የሚገባበት የፕሮሰሰር እግር 5 ቮልት የሚችል መሆኑን ግን በሰነዱ ያረጋግጡ። የማይችል ከሆነ፣ የጠፋው ፕሮሰሰር በዚያች አንድ እግር በኩል ሾልኮ በሚገባ ኤሌክትሪክ ግማሽ ነቅቶ ግማሽ ተኝቶ ያድራል። እንዲህ ያለውን ጉድለት ፈልጎ ማግኘት ቀን ይፈጃል።

አንድ ቢት ይቀራል፤ 8ኛው። 0 ሲሆን ፒኑ ኢንሂቢት የሚሠራውን ስለሚከተል ሬጉሌተር ለማብራት ይጠቅማል። 1 ሲሆን የመቀስቀሻ ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን የሚጠራ ምልክት) ይሆናል፤ እርስዎ የሚፈልጉት ይሄኛውን ነው። በኤስፒአይ (ፕሮሰሰሩና ቺፑ በሚነጋገሩበት መስመር) 41 08 00 01 ልከው ሬጂስተሩን ያንብቡ (ቁጥሮቹ ሄክሳዴሲማል ናቸው)። ባነበቡት ላይ 00080100ን በኦር (ያሉትን 1ዎች ሳይነኩ አዲሶቹን በሚጨምር ስሌት) ይጨምሩና 61 08 00 01 አስቀድመው መልሰው ይጻፉ። ሳያነቡ አይጻፉ፤ የቺፑ የሥራ ሁኔታ፣ ዋችዶጉ (ፕሮሰሰሩ እንዳይደነዝዝ የሚጠብቀው ሰዓት ቆጣሪ)ና የክሪስታሉ ምርጫ እዚያው ሬጂስተር ውስጥ ናቸው። ከዚያ በአድራሻ 0820 ያሉትን ባንዲራዎች (የተከሰተውን የሚያመለክቱ ቢቶች) አንብበው ያነበቡትን መልሰው ይጻፉበት፣ 1 ሲጻፍባቸው ይጠፋሉ። ኃይል ሲያገኝ የሚነሳው ባንዲራ ካልጠፋ ፒኑ ገና ከመጀመሪያው ወርዶ ይቆያል።

ሲፈትሹ ቺፑን አስተኝተው ፒኑን ይለኩ፤ 3.3 ማየት አለብዎት። ከሌላ ቦርድ መልእክት ሲልኩ ወደ ዜሮ ይወርዳል። የቀሰቀሰው መልእክት ራሱ ግን አይነበብም፤ ለመቀስቀሻነት ያልቃል፣ የሚነበቡት ፕሮሰሰሩ ቺፑን ወደ ኖርማል (መደበኛ የሥራ) ሁኔታ ካስገባው በኋላ የሚመጡት ናቸው።

ጥያቄ፦ ያው ቺፕ ነው ያለኝ። ጠረጴዛ ላይ ኃይል ሰጥቼው ፕሮግራሙን እየጻፍኩ ሳለ 4 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ብቻውን ይተኛል። ሬጉሌተሩ ይሞቃል እንዳልል እጄን አስቀምጬበት አይቻለሁ፣ ቀዝቃዛ ነው።
ከደሴ

መልስ፦ ጉድለት አይደለም። ከተቀሰቀሰ በኋላ ማንም ያላናገረው ቺፕ ባትሪ እንዳይጨርስ ተመልሶ የሚተኛበት ሰዓት ቆጣሪ አለው። ባንዲራዎቹን አጥፍተው ወደ ኖርማል ሁኔታ ካስገቡት ይተዎታል። የ0800 ሬጂስተር 1ኛ ቢት (ቆጠራው ከ0 ነው) ቆጣሪውን ይዘጋዋል፤ ለጠረጴዛ ሥራ ይዝጉት፣ መኪና ላይ ለሚገጠመው ግን ክፍት ይተዉት። ፕሮሰሰሩ አንድ ሌሊት ቢደነዝዝ ባትሪውን የሚያተርፈው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ይህንኑ ቺፕ በ24 ቮልት አይሱዙ ላይ በቀጥታ ልገጥመው እችላለሁ?
ከወልዲያ

መልስ፦ በቀጥታ አይሆንም። ቺፑ እንዲሠራበት የተፈቀደው ከ5.5 እስከ 30 ቮልት ነው፤ ዲናሞው ሲሞላ 28 አካባቢ ስለሚደርስ የሚቀርዎት 2 ቮልት ብቻ ነው። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ቢላቀቅ የሚዘለው ቮልቴጅ ቺፑ ሳይበላሽ የሚችለውን 42 በቀላሉ ያልፋል። መግቢያው ላይ ተከታታይ ዳዮድ፣ ከዚያ ድንገት የሚዘለውን ቮልቴጅ ከ42 በታች የሚይዝ ቲቪኤስ ዳዮድ ያድርጉ። የዌክ ፒኑን (ከዌክ ሪኩዌስት የተለየውን፣ ከውጭ የመቀስቀሻ ምልክት የሚገባበትን) ካልተጠቀሙበት ከግራውንድ ያስሩት፣ የ0800 ሬጂስተር 31ኛና 30ኛ ቢቶችንም ዜሮ ያድርጓቸው።